የመጋዘኑ እንቅፋት በማን ሒሳብ ይወራረዳል?

ሰው ሲደናቀፍ ያየ ሁሉ «እኔን!» ይላል። በወሎ በኩል «እኔን ይድፋኝ» የሚሉ እናቶችም አይጠፉም። ቃሉ የደግነት እንጂ የሒሳብ አይደለም፤ ተናጋሪውን አንድ ሳንቲም አያስወጣውም። ኩንታል ማሽላ ተሸክሞ ወደ መጋዘን ሲገባ በተፈነቀለ ሊሾ ተደናቅፎ የወደቀ ጫኝና አውራጅ ቁርጭምጭሚቱ ከተሰበረ ግን አንድ ሰው የምሩን «እኔን» ማለት ይኖርበታል። የሐኪም ቤቱን፣ የመድኃኒቱንና ሠራተኛው ተኝቶ የሚያሳልፋቸውን ወራት ወጪ የሚሸከም ሰው ማለት ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ የአገሪቱ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በግልጽ ካስቀመጠ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ገበያው ግን እስከ ዛሬ ነገሩን በተሸካሚው ዕድል ማሳበብ ይቀናዋል።

ወልድያ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ቆቦና መቀሌ የሚዘልቀው አስፋልት ወደ ጋሸናና ወረታ ከሚታጠፈው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። መርሳ ደግሞ በዚያው አስፋልት ላይ፣ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከገጠሩ የሚወጣው ጤፍ፣ ማሽላና ማንጎ፣ ከመሀል አገር የሚገባው ዘይት፣ ስኳር፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ በእነዚህ ከተሞች የሚጫነውና የሚራገፈው በአብዛኛው በሰው ትከሻ ነው። ፎርክሊፍት የሚያስገባ በርና ወለል ያለው መጋዘን ብርቅ ነው። በዚህ ላይ አካባቢው ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት እጅ ውስጥ ወድቆ፣ ሱቅና መጋዘን ተዘርፎ፣ ነጋዴው ካፒታሉን እንደገና ከዜሮ ማሰባሰብ ነበረበት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያገኘውን ብር ለዕቃ እንጂ ለወለል ያላዋለ ነጋዴ አይወቀስም። ጥያቄው ሒሳቡን አስቦት ነው ወይስ ሳያስበው የሚለው ነው።

አንድ ሳንቲ ሜትር ምን ታደርጋለች?

ብዙ ሰው አደጋ የሚመስለው ትልቁ ጉድጓድ ነው። ትልቁ ጉድጓድ ግን ይታያል፤ ሰው ይዞረዋል፤ ካልሆነም ድንጋይ ይሞላበታል። እግር የሚይዘው ትንሹ ነው። የሰውን አካሄድ ያጠኑ ባለሙያዎች እንደለኩት፣ ጤነኛ ሰው በደልዳላ መሬት ላይ ሲራመድ የእግሩ ጣት ከወለሉ ከፍ ብሎ የሚያልፈው ዝቅተኛው ርቀት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ 2 ሳንቲ ሜትር ብቅ ያለች የሊሾ ጠርዝ፣ ከሴራሚኩ ከፍ ብሎ የተተከለ የበር ደፍ ወይም ያበጠ ጣውላ እግርን ለመያዝ ይበቃል። በአሜሪካ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች ሕንፃ መስፈርት ሳይታጠፍ እንዲተው የሚፈቅደው የወለል ከፍታ ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ያለው ጠርዙ ተዳፋት እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መወጣጫ ያሻዋል። በእኛ አገር መጋዘን 6 ሚሊ ሜትር ቢባል ሳቅ ሊያስነሳ ይችላል። ቁጥሩ የመጣው ግን ከቅንጦት ሳይሆን ከእግር ነው፤ እግር ደግሞ የትም አገር ያው ነው።

ሸክም ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። ኩንታል በጀርባው ያለ ሰው አንገቱን አቀርቅሮ፣ እርምጃውን አሳጥሮ፣ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል። ጣቱ ከወለሉ የሚርቀው ከተለመደውም ያነሰ ይሆናል። ቢደናቀፍ ደግሞ ባዶ እጁን እንደሚሄድ ሰው እጁን ዘርግቶ ራሱን ማዳን አይችልም፤ የያዘው ጭነት ይከተለዋል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ቁጥር 128 የውሳኔ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ በእጁ የሚያጓጉዘው ጭነት ከ55 ኪሎ ግራም የሚበልጥባቸው አገሮች ወደዚያ እንዲያወርዱት ይመክራል። የኛ መለኪያ 100 ኪሎ ነው፤ እሱም ገበያው የለመደው ስለሆነ ማንም አይጠይቅበትም።

እስቲ ቆጥረን እንየው። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ይዞ መጣ እንበል። አምስት ሰዎች ቢያራግፉት እያንዳንዱ 80 ጊዜ ከነሸክሙ ይገባል፤ 80 ጊዜ ባዶውን ይወጣል። ያቺ የበሩ ደፍ በአንድ መኪና ብቻ 400 ጊዜ በተጫነ እግር፣ 400 ጊዜ በደከመ እግር ትረገጣለች። መኪኖች መንገድ ተዘግቶባቸው ቆይተው በአንድ ቀን ሦስትና አራት ሆነው ሲደርሱ የሚሆነውን አንባቢ ራሱ ያባዛው። ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆይቶ ወደ ጨለማ መጋዘን የገባ ዓይን ለጥቂት ጊዜ ምንም አያይም። ጠርዙ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው በሩ ሥር ነው።

በብሪታንያ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው በየዓመቱ በሚያወጣው አኃዝ መሠረት፣ አሠሪዎች ከሚያመለክቷቸው ሕይወት ከማያጠፉ የሥራ ላይ አደጋዎች ትልቁን ድርሻ፣ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን፣ የሚይዘው በዚያው ወለል ላይ መንሸራተት፣ መደናቀፍና መውደቅ ነው። ማሽን አይደለም፤ ኤሌክትሪክም አይደለም። ወለሉ የተስተካከለ፣ መብራቱም የማይጠፋ አገር ውስጥ ይህ ከሆነ የእኛው ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት ይቻላል።

ወለሉ ለምን ተበላሸ? ማንስ ያድሰው?

አንዱ ምክንያት አፈሩ ነው። ጥቁር ዋልካ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በላዩ የፈሰሰ ስስ ሊሾ አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይሰምጣል። ዋልካው ተቆርጦ ወጥቶ፣ በምትኩ የተመረጠ አፈርና ድንጋይ ተጠቅጥቆ ካልገባ በየዓመቱ ከላይ መለሰን ገንዘብ ማባከን ነው። ሌላው ደግሞ ሙሌት ነው። እንደ ወልድያ በተራራ ግርጌ በተቆረቆረ ከተማ ቤት የሚሠራው ግማሹን ተዳፋት ቆርጦ፣ ግማሹን ሞልቶ ነው። በደንብ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ከጊዜ ብዛት ይሰምጥና በተቆረጠውና በተሞላው መካከል ወለሉ መስመር ይዞ ይከፈላል። በዚህ ላይ ለመኖሪያ ተብሎ የተሠራ ቤት ግድግዳው ፈርሶ መጋዘን ሲደረግ ወለሉ ያላሰበውን ክብደት ይሸከማል። ሳሎን የነበረ ክፍል ላይ 300 ኩንታል ተደርድሮ ወለሉ ባይሰነጠቅ ነው የሚገርመው።

ቴክኒኩን ለግንበኛው እንተወውና ወደ ገበያው እንመለስ። መጋዘኑ ኪራይ ነው። ተከራዩ ውሉ የአንድ ዓመት ወይም የስድስት ወር ስለሆነ፣ ዛሬ ወለል ባድስ ነገ ኪራይ ተጨምሮብኝ እወጣለሁ ብሎ ይተወዋል። አከራዩም ወለሉ ቢሰነጠቅም ቤቱ ተከራይ አያጣምና አይነካውም። ሁለቱም በየራሳቸው ሒሳብ ትክክል ናቸው። በመካከል ግን ወጪው አልጠፋም፤ በተሸካሚው እግር ላይ አርፏል። የኢኮኖሚክስ ሰዎች ለሌላ ሦስተኛ ሰው የሚተላለፍ ወጪ የሚሉት ይህን ነው። ጣሊያን ተወላጁ አሜሪካዊ የሕግ ሊቅ ጉይዶ ካላብሬሲ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አደጋ ወጪ ባሳተመው መጽሐፉ የጻፈው ሐሳብ ለዚህ ይስማማል። አደጋውን በትንሹ ወጪ ማስቀረት የሚችለው ማን እንደሆነ ተፈልጎ ኃላፊነቱ በእሱ ላይ ይጣል ነው የሚለው። ተሸካሚው ወለሉን ማደስ አይችልም፤ መጋዘኑ የእሱ አይደለምና። በሌላ በር ልግባ ቢልም በሩ አንድ ነው። ስለዚህ ተጠንቀቅ እያሉ መምከር ሒሳቡን አይለውጠውም።

ሕጉ ምን ይላል?

በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884 የወጣው የአደጋ መድን ሕግ ያስጀመረው አንድ መርሕ አለ። ሠራተኛው ለሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ለማግኘት የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት የለበትም የሚል ነው። መርሑ ኢትዮጵያም ውስጥ ሥር ሰዷል። አዋጅ ቁጥር 42/1985 ያዘው፣ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ተረከበው፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 96 ይዞት ይገኛል። አሠሪው ጥፋት ኖረውም አልኖረው ሠራተኛው በሥራው ምክንያት ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው። «ወለሉን እኔ አላበላሸሁትም»፣ «ራሱ አላየም»፣ «ሌሎቹ በዚያው ሲያልፉ አልወደቁም» የሚሉት መከላከያዎች በዚህ አንቀጽ ፊት ዋጋ የላቸውም።

አሠሪው የሚድንበት በር ጠባብ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በተለይም አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ሰውነቱንና አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ከመጣ አሠሪው ኃላፊ አይሆንም። ትንሽ ቀማምሶ ነበር ማለት ብቻውን አይበቃም። በተቃራኒው ደግሞ ጉዳቱ የደረሰው በአሠሪው ጥፋት ከሆነ ሠራተኛው በሌላው ሕግ መሠረት ተጨማሪ ካሳ የመጠየቅ መብቱ እንደተጠበቀ ነው። ጠርዙ መነሳቱን ከወር በፊት የሰማ፣ አንድ ሰው በዚያ ወድቆ ያየና ዝም ያለ አሠሪ ጥፋት የለብኝም ለማለት ይቸገራል።

ጉዳቱ በሥራ ሰዓት ብቻ የሚመስለውም አለ። አንቀጽ 97 ሠራተኛው ከሥራው በፊት ወይም በኋላ፣ ወይም ሥራው ለጊዜው ተቋርጦ ሳለ፣ በሥራው ምክንያት በሥራ ቦታው ወይም በግቢው ውስጥ እያለ የሚደርስበትንም ጉዳት የሥራ ላይ አደጋ ያደርገዋል። መኪና እስኪመጣ በመጋዘኑ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ተሸካሚ ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ ቢደናቀፍ ነገሩ እዚህ ውስጥ ይገባል።

«ውል የለኝም፤ የቀን ሠራተኛ ነው» የሚለውም ብዙ አያዋጣም። የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል። በደመወዝ ወይም በቀን ሒሳብ፣ በአሠሪው አመራር ሥር የሚሠራ ሰው ወረቀት ስላልተፈረመለት ብቻ በሕጉ የተሰጠውን መብት አያጣም። አንዳንዱ ብልጥ ደግሞ ሥራ ሲያስጀምር «ለሚደርስብኝ ጉዳት ራሴ ኃላፊ ነኝ» የሚል ወረቀት ያስፈርማል። ሕጉ ከሰጠው ያነሰ የሥራ ውል ግዴታ ዋጋ የለውምና ወረቀቱ ለመደርደሪያ ካልሆነ ለሌላ አያገለግልም።

እውነተኛው ክርክር ያለው በማኅበር ተደራጅተው በሚሠሩት ጫኝና አውራጆች ላይ ነው። ማኅበሩ ሥራውን በራሱ ኃላፊነት፣ በኩንታል ይህን ያህል ብሎ ከተዋዋለ፣ ሰዎቹን ራሱ መርጦና ራሱ አዝዞ ካሠራ ባለመጋዘኑ አሠሪ አይደለሁም ለማለት መሠረት ይኖረዋል። ሰዎቹን እየመረጠ፣ ሰዓት እየወሰነ፣ «ወዲህ ደርድር፣ ወዲያ አንሳ» እያለ የሚያሠራቸው ነጋዴው ከሆነ ግን ስሙ ማኅበር መባሉ ብቻ ነገሩን አይለውጠውም። ያም ሆኖ ሌላ በር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። የተሰነጠቀ ወለል ላይ መደናቀፍ «ሕንፃው ያደረሰው ጉዳት» ነው አይደለም በሚለው ጠበቆች ሊከራከሩ ይችላሉ። አከራዩ ግን ቤቴን አከራይቻለሁና አያገባኝም ብሎ ተረጋግቶ መተኛት የለበትም። ደላላውም ቤት ሲያገናኝ ወለሉን ማየቱ አይጎዳውም፤ ኮሚሽኑ የሚዘልቀው ውሉ ሲዘልቅ ነው።

ሒሳቡ

ለስሌት እንዲመች የወር ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ የመጋዘን ሠራተኛ እንውሰድ። ተደናቅፎ እግሩ ተሰበረ። አዋጁ ለጊዜያዊ የአካል ጉዳት የሚያዘው ክፍያ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ሠራተኛው በስድስት ወር ቢድን 18,000 እና 13,500፣ በድምሩ 31,500 ብር ይሆናል። ዓመት ሙሉ ከተኛ 18,000 ይጨመርና 49,500 ብር ይደርሳል። ሕክምናው ከዚህ ውጭ ነው። የቀዶ ሕክምና፣ የሆስፒታል፣ የመድኃኒት፣ አስፈላጊ ከሆነም የሰው ሠራሽ አካል ወጪ አሠሪው ላይ ነው። በእነዚህ ወራት ሁሉ ሥራውን የሚሠራ ሌላ ሰው መቀጠሩም እንዳይረሳ።

ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ቁጥሩ ይዘላል። በጡረታ ሕግ ላልተሸፈነ ሠራተኛ አሠሪው የሚከፍለው ካሳ፣ ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ከሆነ፣ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። በምሳሌያችን 360,000 ብር ይሆናል። የሕክምና ቦርድ ጉዳቱን 20 በመቶ ብሎ ከወሰነው 72,000 ብር ነው። አንድ የተሰበረ ዳሌ በደንብ ሳይጋጠም ቀርቶ ሰውየውን ለዘላለም አንካሳ ሲያደርገው የሚደርስበትን መጠን መገመት አያዳግትም። ሠራተኛው ቢሞት ለጥገኞቹ የሚከፈለውንም ሕጉ ደንግጓል፤ በሸክም የወደቀ ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ ሞት የማይታሰብ ነገር አይደለም።

በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የተመዘገበ ሠራተኛ ከሆነ የዘላቂ ጉዳት ክፍያው በጡረታ ሕጉ ይሸፈናል። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተቆረጠ የሚገባው መዋጮ ከመጦሪያነቱ ሌላ ይህን ሥራም ይሠራል። ሠራተኛውን ላለማስመዝገብ የሚሸሸግ ነጋዴ በወር 11 በመቶ አተረፍኩ ሲል የአምስት ዓመት ደመወዝ ዕዳ በራሱ ላይ እያንጠለጠለ ነው። ሌላው አማራጭ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን ነው። የመድን ገበያው በ1986 ዓ.ም. ለግሉ ዘርፍ ከተከፈተ ወዲህ የሚሸጠው ድርጅት ሞልቷል። አረቦኑ የሚሰላው ከሠራተኞች የዓመት ደመወዝ ስለሆነ ሁለት ደብተር የሚይዝ ሰው እዚህም ይያዛል፤ ለመድን ድርጅቱ ያሳነሰው ደመወዝ በካሳ ጊዜ መልሶ ያንሰዋል።

ወጌሻና ወረቀት

ሰው ሲሰበር መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻ የሚያድነው ብዙ ጉዳት አለ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም በሸምበቆ ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ ጋንግሪን ሆኖ የተቆረጠባቸው ሕሙማን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተመዝግበው፣ በሕክምና መጽሔቶችም ወጥተዋል። ለአሠሪውም ቢሆን ይህ መንገድ አደገኛ ነው። የስድስት ወር ጉዳት የነበረው ወደ ዘላቂ ጉዳት ይለወጥበታል። አዋጁ አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ በጊዜው እንዲሰጥና ተጎጂውን ቅርብ ወዳለ የሕክምና ተቋም እንዲያደርስ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ባጃጅ ጠርቶ «ሂድ ታከም» ብሎ 500 ብር መስጠት ማድረስ አይባልም።

ለሠራተኛው ደግሞ ወረቀቱ ነው ቁም ነገሩ። ሐኪም ያልጻፈው ስብራት የሕክምና ቦርድ ፊት ሲቀርብ መቼና የት እንደደረሰ ማስረዳት ያስቸግራል። ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ጥያቄ፣ ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር፣ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ሽማግሌ ገብቶ፣ «ዛሬ ነገ» ተብሎ፣ ፋሲካ አልፎ፣ አረፋ አልፎ ዓመቱ ሳይታሰብ ይሞላል። ሽምግልናው መልካም ነው፤ የተስማሙበት ነገር ግን በጽሑፍ ይስፈር።

አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማስታወቅ ግዴታም አለበት። ብዙዎች ይህን እንደ ራስ መክሰስ ያዩታል። መዝገቡ ግን እሱንም ይጠብቀዋል። ከዓመት በኋላ «እዚያ መጋዘን ነው የወደቅሁት» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ያዩ ሰዎችን ስም የያዘ ደብተር ከምንም መከራከሪያ ይሻላል።

ጥገናው ስንት ነው?

10 ካሬ ሜትር ወለል፣ ማለትም የመጋዘኑን በርና መግቢያ የሚሸፍን ቦታ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ኮንክሪት ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ኩብ ነው። በአንድ ለሁለት ለአራት ድብልቅ ከ3 ኩንታል ትንሽ ከፍ ያለ ሲሚንቶ፣ ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋና አንድ ሜትር ኩብ የማይሞላ ጠጠር ይበቃዋል። የግንበኛና የረዳት የሁለት ሦስት ቀን ዋጋ ይጨመርበት። የሲሚንቶ ዋጋ ስለሚለዋወጥ አንባቢ በሳምንቱ የገበያ ዋጋ አባዝቶ ከላይ ካለው 31,500 ብር ጋር ቢያስተያየው ይሻላል።

ብዙ ጊዜ ጥገናው የሚበላሸው በአሠራሩ ነው። ጉድጓዱ ላይ ሲሚንቶ ለቅልቆ ጠርዙን እንደ እንጀራ ዳር አሳስቶ መተው የተለመደ ነው። የሳሳው ጠርዝ በሳምንቱ ይፈረፈርና አዲስ እንቅፋት ይሆናል። የተበላሸው ቦታ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ አሮጌው ኮንክሪት በውሃ ርሶ ነው አዲሱ መሞላት ያለበት። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ እየተረጨ መጠበቅ አለበት። ሰባት ቀን መጋዘን ዘግቶ መቀመጥ ለነጋዴ ከባድ ስለሆነ በሩን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ጎን እየሠሩ በሌላው መግባት ይቻላል። ደፉን ማስወገድ ካልተቻለ ከሁለቱም ወገን በተዳፋት ማያያዝና ጠርዙን በቢጫ ወይም በነጭ ቀለም መቀባት፣ በሩ ሥር አምፑል ማድረግ፣ መብራት የሚጠፋበትም ጊዜ ስላለ ከጣሪያው ላይ አንድ ሁለት ብርሃን የሚያሳልፍ ቆርቆሮ ማስገባት ርካሽ ነው። መርሳ ላይ ማንጎ የሚደረደርባቸው ቤቶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። የተጨፈለቀ ማንጎ ያለበት ለስላሳ ሊሾ የሚያንሸራትት እንጂ የሚያደናቅፍ አይደለም። እዚያ የሚያስፈልገው መጥረጊያና ሻካራ ወለል ነው፤ ይበልጥ ማለስለስ ነገሩን ያባብሰዋል።

የኪራዩን ጉዳይ ውሉ ላይ መፍታት ነው የሚሻለው። ወለሉን ማን ያድሳል፣ ተከራዩ ካደሰው ከስንት ወር ኪራይ ይቀነስለታል፣ ቤቱን ሲረከብ ወለሉ ምን ይመስል ነበር የሚሉት ሦስት መስመሮች ውሉ ውስጥ ቢገቡ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። በዘመኑ ስልክ ፎቶ አንስቶ ከውሉ ጋር ማያያዝም ወጪ የለውም። ወለሉ ከተበላሸ በኋላ ተከራዩ ለአከራዩ በጽሑፍ ማሳወቁ መብቱን ያስከብርለታል፤ ያ ደብዳቤ ግን በሁለት በኩል የተሳለ ቢላ ነው። «ወለሉ ተሰንጥቋል፣ ሰው ሊጎዳ ይችላል» ብሎ የጻፈ ነጋዴ አደጋውን ማወቁን በራሱ ፊርማ አረጋግጧል። አከራዩ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ጫኝና አውራጆቹን በዚያው ጠርዝ ላይ ማመላለሱን ከቀጠለ፣ ከአንቀጽ 96 ኃላፊነት በላይ የጥፋት ክስ የሚቀርብበትን ማስረጃ በእጁ ጽፎ ሰጥቷል። ስለዚህ ደብዳቤው በወጣበት ቀን ጠርዙ ላይ ጣውላ ይነጠፍ፣ ወይም ያ በር ይዘጋ።